በስልክ የመጣ መርዶ

መልእክቱ ሲገባ ሙላት ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለችው ማሳው ሽምብራ እየዘራ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ወዲያው አላነሣውም፤ እጁ ላይ ዘር አለ። የጨበጠውን በትኖ ሲያበቃ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ መነጽሩን አደረገና ማያውን ወደ ጥላ አዙሮ አነበበ።

«አሰላሙ ዐለይኩም አያ ሙላት። ባድሩ ነኝ ከጅዳ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ወንድማችን ሰዑድ ዛሬ ቀትር ላይ በመኪና አደጋ ወደ አኺራ ሄዷል። ለእናቱ እንዳይሰማ። በወጉ እስኪነገራት ድረስ በእርስዎ ልብ ይቅር። አላህ ሰብሩን ይስጠን።»

ሙላት የዘሩን ቁና አስቀምጦ ትልሙ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱንም ልጆች ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል። ባድሩ ጅዳ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ ሰዑድ እዚያው የጭነት መኪና ይነዳል። የሰዑድ እናት ዑምኩልሱም ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሴት ልጇ ዋሲላ አምባሰል ተድራለች።

ወሬው ለሙላት የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። እሱ የቅሬ ዳኛ ነው። ቅሬ የሰፈሩ እድር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረው የሚቀባበሩበት። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለዳኛው ይደርሳል። ዳኛው ሽማግሌዎችን ያማክራል፣ ሰው በየቤቱ በሹክሹክታ ይጠራል፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የሐዘንተኛው በር ይንኳኳል። ከዚያ በፊት ነገሩ ከባለቤቱ ጆሮ የገባ እንደሆነ ውርደቱ የቅሬው ሁሉ ነው።

ገና ከትልሙ ላይ ሳይነሣ ሁለተኛ መልእክት ገባ።

«አያ ሙላት፣ ጀናዛውን ወደ አገር ለመላክ እየተሯሯጥን ነው። የቅርብ ተጠሪ ሆና የተመዘገበችው እናቱ ናት። በእሷ ስልክ ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል። ከሰማች በኋላ ስልክ የምታይ አይደለችም፤ ስለዚህ ሳትሰማ በፊት ስልኳን ተቀብለው ቁጥሩን ይላኩልኝ። እስከ ነገ ጠዋት ካልደረሰ እዚሁ ይቀብሩታል።»

ይህኛው ቃል ሙላትን ከፊተኛው ይልቅ አንቀሳቀሰው። ክርስቲያን ነው፤ ሰው ከአባቶቹ አጠገብ ሲተኛ ብቻ ነው ያረፈ የሚመስለው። የገዛ ወንድሙ በወታደርነት ሄዶ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ ቀርቷል። በየዓመቱ ግሸን ሲወጣ የሚያዝንለት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ዘንድሮም ከንግሡ ከተመለሰ ሳምንት አልሞላውም። የዑምኩልሱም ልጅ ግን ሊመጣ ይችላል። አንዲት ቁጥር ናት የጎደለችው።

ሽምብራውን እንደነገሩ ሸፍኖ ወደ ሼህ ኑርዬ ቤት ወረደ።

ሼህ ኑርዬ ጫታቸው ሥር ውኃ እየመለሱ ነበር። ሙላት አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ነገራቸው። ሽማግሌው ዶማቸውን ተደገፉ። ውኃው ቦዩን ጥሶ ወደ መንገዱ ሲፈስ እንኳ አላዩትም።

«ማን አጠበው?» አሉ በመጨረሻ።

«ምን አሉኝ?»

«ማን አጠበው ነው የምልህ። ነገ ዑምኩልሱም መጀመሪያ የምትጠይቀን እሱን ነው። ማን አጠበው፣ ማን ከፈነው፣ ማን ሰገደበት። ይህን ሳንይዝ በሯ ላይ ብንቆም ምን ልንላት ነው?»

«ጀናዛው ይመጣል ብሏል እኮ።»

«ይመጣል?» ሼህ ኑርዬ ቀና አሉ። «የኛ ሰው እዚያ ሲሞት አብዛኛው እዚያው ነው የሚቀበር። በነቢ አገር መቀበር ደግሞ ለኛ ጉዳት አይደለም፣ ሙላት። አንተ በራስህ ልብ ለካኸው።»

ሙላት ትንሽ አፈረ። «እንግዲያ ልጠይቀው።»

በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ እየለቀመ ጻፈ። መልሱ አልዘገየም፤ «ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ፣ ይጫኑት» ይላል። ከሥሩ ረጅም፣ ሰማያዊ፣ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ መስመር ተንጠልጥሏል።

«ማን አጠበው ስትለው ይህን ሰደደ?» አሉ ሼህ ኑርዬ መስመሩን በጣታቸው እየጠቆሙ።

«ደንግጦ ይሆናል።»

«ክፈተው እስቲ።»

ሙላት ጣቱን አስጠግቶ መለሰው። «አልከፍተውም። ፎቶው ቢሆንስ? የልጇን አስከሬን እናቱ ሳታይ እኔ አላይም።»

«ደግ አልክ። እንግዲያ ደውልለት።»

ደወለ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። ወዲያው ጽሑፍ መጣ፤ «ሆስፒታል ውስጥ ነኝ፣ ማውራት አይቻልም። ቁጥሩን ብቻ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ነገሩ ልክ አልመጣላቸውም፤ ግን በሐዘን ላይ ያለን ልጅ መመርመር ነውር ነው። መርዶው ለነገ ጎሕ ተቀጠረ። ሙላት ቀድሞ ብቻውን ገብቶ ስልኳን ሊወስድ፣ ሼህ ኑርዬ ሰዉን ይዘው ሊከተሉ ተስማሙ። ወደ አምባሰልም ሰው ተላከ። ዋሲላን እናትሽን ትንሽ አሟታል ብሎ ይዟት እንዲመጣ ነው፤ እንዲህ ተብላ የተጠራች ልጅ ግን ወትሮም በመንገዷ ሁሉ ታለቅሳለች።

ሊመሽ ሲል በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ በቤት ውስጥ መነጋገር አልተቻለም። የሙላት ሚስት ተሾመች ለሐዘን ቤት የሚሄደውን ንፍሮ ምድጃ ላይ ጥዳ፣ በረዶው ጋብ ሲል ባሏን አየችው።

«እንዲህ ሆነህ ነው ነገ ዑምኩልሱምን የምታታልላት?»

«ምን ሆንኩ?»

«መርዶው ፊትህ ላይ ነዋ። ገና ከበር ስትታያት ትወድቃለች።»

«ታዲያ ፊቴን የት ላድርሰው?»

«ታጠበውና ስለ በረዶው አውራ። ገበሬ ስለ በረዶ ሲያወራ ፊቱ እንዲህ ቢጠቁርም ማንም አይጠረጥረውም።»

በማግስቱ ሙላት ከቤቱ ሲወጣ ሰማዩ ገና መግለጡ ነበር። በረዶው ሳይቀልጥ አድሮ በየትልሙ ነጭ መስመር ሠርቷል። አርዲቦ በጉም ተሸፍኗል፤ ውኃው አይታይም፣ ከጉሙ በላይ ተራሮቹ ብቻ አሉ። በዚያ ነጭ መሬት ላይ ሰው ይወርዳል። ከላይኛው መንደር በቀጭኑ መንገድ ተከታትለው፣ ከሐይቁ ዳር በጉሙ ውስጥ ብቅ እያሉ፣ ጋቢና ፎጣ የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላና ሻሽ ያጠለቁ ሴቶች መጡ። የሚያወራ የለም። የሚያስል ሰው እንኳ አፉን በጋቢው ይይዛል። አንድ ሕፃን ሊያለቅስ ሲል እናቱ ጡቷን አጎረሰችው። በየደጁ ያሉት ውሾች ራሳቸውን ከመዳፋቸው ቀና አድርገው አዩ እንጂ አልጮኹም።

ሙላት መንገዱ ላይ ቆመ። ይህን ሕዝብ ሲጠራና ሲያሰልፍ ኖሯል፤ ግን ሁልጊዜ ከፊት ሆኖ ይሄዳል እንጂ እንዲህ ዞሮ አይቶት አያውቅም። ሁሉም ያንን ከባድ ነገር ይዘዋል። እስከ ሌሊት ከእሷ ጋር እሳት ሲጫጫሩ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሱባትም። ሰውነቱን አንዳች ነገር ወረረው። በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነው።

ሰዉ ከዑምኩልሱም አጥር ውጭ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ ቆመ። ሙላት ብቻውን ገባ።

ዑምኩልሱም ከሱብሒ ሰላት በኋላ አልተኛችም። ጓሮዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ በረዶ የሰበረውን ቃሪያ ትለቅማለች።

«አያ ሙላት! ምን እግር ጣለህ በዚህ ብርድ?»

«በረዶው ያደረሰብሽን ልይ ብዬ ነው፣ እታለም።»

«እኔንማ ምን ያደርገኛል፣ እንደ ድንጋይ ተቀምጬለት። ቃሪያዬን ነው እንጂ። ማሽላህስ?»

«ማሽላው ደህና ነው።» ሙላት እጁን ዘረጋ። «ስልክሽን እስቲ አውሺኝ። የኔ ካርድ ጨርሷል።»

ዑምኩልሱም ሳቀች። «የቅሬ ዳኛ ካርድ ይጨርሳል? እንግዲያ ዛሬ ማንም እንዳይሞት ንገርልና!» ስልኩን ከጉያዋ አውጥታ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችው። እሱ ሊስቅ ሞክሮ አቃተው፤ ደግነቱ እሷ ወደ ቃሪያዋ ተመልሳለች።

ጀርባውን ሰጥቶ በራሱ ስልክ ጻፈ፤ «በእጄ ነው።» ከአፍታ በኋላ የዑምኩልሱም ስልክ ጮኸ። ስድስቱ አኃዝ መጡ። ከሥራቸው በአማርኛ አንድ መስመር አለ፤ «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ።»

የሱ ስልክ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ቶሎ ይላኩልኝ።» «ሰዓቱ እያለቀ ነው።» «አያ ሙላት ቶሎ።»

ሙላት ሁለቱን ስልኮች በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። አንዱ አትስጥ ይላል፣ ሌላው ስጥ ይላል። ጣቱ ቁጥሩን ለመጻፍ ተዘጋጅቶ ነበር። ያቆመው «ቶሎ» የሚለው ቃል ነው። በዕድሜው ብዙ መርዶ ተቀብሏል፣ ብዙ መርዶም ነግሯል። መርዶ አይቸኩልም። የሞተ ሰው ከእንግዲህ የሚዘገይበት ነገር የለውም፤ የሚቸኩለው በሕይወት ያለ፣ አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው ነው።

ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ከባድሩ ጋር የተጻጻፈውን ወደ ላይ እየገፋ መመለስ ጀመረ። የበዓል ሰላምታ። የዝናብ ወሬ። ከዚያም ላይ፣ የላይኛው መንደር ልጅ ሙነወር ጅዳ ላይ ታሞ በሞተ ጊዜ የተጻፈው መርዶ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ለእናቱ እንዳይሰማ። በወጉ እስኪነገራት ድረስ በእርስዎ ልብ ይቅር።» የትናንቱ ቃል ያው ነው። ሕመሙ በአደጋ፣ የሙነወር ስም በሰዑድ ስም ከመተካቱ በቀር አንድ ፊደል አልተነካም።

ከዚያ ከድሮው መርዶ ሥር ግን የስልክ ጥሪ ምልክት አለ፤ ረጅም ጥሪ። ሙላት ያን ቀን ያስታውሰዋል። ባድሩ እያለቀሰ ነበር የደወለው። ሳይጠየቅ ማን እንዳጠበው፣ ውኃውን ማን እንደያዘ፣ ከሙነወር እግር ሥር ማን ቆሞ እንደነበር አንድ በአንድ ነግሮታል። ከትናንቱ መርዶ ሥር ያለው ግን የተቋረጠው የራሱ ጥሪ ብቻ ነው። ይህን የጻፈ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል። ወጋቸውን፣ ምሥጢር አጠባበቃቸውን፣ እናት እንዴት እንደምትሸሸግ አንብቦ እንደ ልብስ ለብሶታል። በድምፅ የተነገረውን ግን አልሰማም። ስለዚህ ማን አጠበው ሲባል መልስ አልነበረውም።

ሙላት የራሱን ስልክ አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። ቁጥሩን አልላከውም። ሰዑድ ሞቷል ወይስ አልሞተም፣ ያንን ገና አያውቅም።

«ምነው ደረቅህ?» አለች ዑምኩልሱም ከኋላው። «አላነሡም? በል ስጠኝ፣ ሰዑድ የላከውን ላሰማህ። ያ ባለጌ ልጅ በጠዋት ሲያስቀኝ ነበር።»

ስልኩን ከእጁ ወስዳ ተጫነችው። የሰዑድ ድምፅ በጓሮው ተሰማ፤ ከአጥሩ ውጭም። ከቁልቋሉ ጀርባ አንዲት ሴት ትንፋሿን ስትውጥ ሙላት ሰማ። እናት ናት፣ የልጇን የቆየ ድምፅ እየመለሰች የምትሰማ ነች፤ ቅሬው ሁሉ ያውቃል። የሞተ ሰው ድምፅ የሚሰማ መሰለው።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ትናንት ማታ በረዶ አወረደባችሁ አሉ። የጎረቤታችን ልጅ ሪታጅ በቪዲዮ ቀርጻ ለቃው አየሁት፤ መንደሩ ሁሉ ጨው መስሏል። ቃሪያሽስ? ቃሪያሽ ከሞተ እኔ ለምን ብዬ እመጣለሁ? እዚሁ እቀራለሁ፣ ወላሂ።»

ዑምኩልሱም ትስቃለች። ሙላት አልሳቀም። ሰዑድ ትናንት ቀትር ላይ ሞተ ተብሏል። በረዶው የጣለው ሊመሽ ሲል ነው።

«መቼ ነው የላከው?» አለ።

«አሁን ነዋ፣ ሱብሒን ከሰገድኩ በኋላ።»

«ደውይለት።»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ደውይለት እታለም። ፊቱን ልየው።»

እያየችው ደወለች። ማያው ጠቆረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በራ። ሰዑድ በመኪናው መሪ ጀርባ ተቀምጧል፤ ጉንጩ በዳቦ አብጧል።

«እማዬ! አያ ሙላትም አሉ? አጃኢብ፣ ቃሪያው ሽማግሌ አስላከ እንዴ?»

ከአጥሩ ውጭ የነበረው ዝምታ ያኔ ተሰበረ። ሼህ ኑርዬ ጫማቸውን በበረዶው እየጎተቱ ገቡ፣ ከኋላቸው ሰዉ ተከተለ። ጓሮው ሞላ። ሽማግሌው ስልኩን አዩና «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው ባሉበት ቆሙ።

ዑምኩልሱም ዞረች። በጎሕ ደጅ ላይ የቆመ ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ ልትስተው አትችልም፤ ራሷ ስንት ደጅ ቆማለች። ልጇ በእጇ ላይ እያኘከ ነው። እንግዲያ የቀረችው አንዲት ናት። ፊቷ ነጣ።

«ዋሲላ?» አለች በቀጭን ድምፅ። «ዋሲላን ነው?»

«አይደለም፣ እታለም፣ አይደለም!» አለ ሙላት። ሰዉ ተከፈለ። ዋሲላ ከአምባሰል መንገድ ደርሳ ኖሯል፤ ዓይኗ አብጦ፣ ነጠላዋ በጭቃ ተነክሮ በመሐላቸው መጣች። እናቷን ቆማ አየቻት። ቀጥላ ስልኩን አየች፣ ወንድሟን አየችው። ጮኸች፤ ግን የሐዘን ጩኸት አልነበረም፤ ምን እንደሆነ ማንም ስም ሊሰጠው አልቻለም። እናቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሙላት ሁሉንም ተናገረ፣ ከሽምብራው ማሳ ጀምሮ። ዑምኩልሱም ቃሪያውን በቀሚሷ እንደያዘች ሰማችው። ሰዑድ ዳቦውን አስቀምጦ ሰማ።

«ቁጥሩን ሰጥተውታል?» አለ።

«አልሰጠሁም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ሰዑድ ፊቱን በእጁ ዳበሰ። «ባድሩን ትናንት እንዲሁ አድርገውታል። የዑምራ ጉዞ ወጣልህ ብለው ሊንክ ላኩለት፤ ተጫነው፣ ቁጥር ሞላ፣ አካውንቱን ወሰዱበት። ዛሬ በሰው ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር። ያቺን ቁጥር ቢሰጡት ኖሮ ሌባው የእሷንም አካውንት ወስዶ አሁን እማዬ ሆኖ ይጽፍልን ነበር፤ ለኔም፣ እዚህ ላለው ልጅ ሁሉ። እማዬ ልጄ ገንዘብ ላክልኝ ካለችኝ እኔ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ አትመልሱለት። ጻፈ የተባለውን ሰው በሌላ መንገድ፣ በምታውቁት ቁጥር፣ በድምፁ ፈልጉት።»

ዑምኩልሱም ወደ ሙላት ዞረች። «ካርድ ጨርሻለሁ ያልከኝ ለዚህ ኖሯል?»

«ለዚህ ነው።»

«ለአንተም ቢሆን አይሰጥም ማለት ነዋ?»

«ለእኔም። ልጠይቅሽ እንኳ አይገባኝም ነበር።»

ሙላት ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ለቅሬ ሲለፍፍ በሚያወጣው ድምፅ ተናገረ። «ስሙ! ከዛሬ ወዲያ ቁጥር የሚጠይቅ መርዶ ለቅሬአችን መርዶ አይደለም። ተጫኑ የሚል መርዶ መርዶ አይደለም። ሰው ሞተ ካሉን በድምፅ ይንገሩን፤ ማን አጠበው ስንል ይመልሱልን። በየቤታችሁ ተናገሩ፣ ለልጆቻችሁም ወደ ዓረብ አገር ደውሉ።»

«አሚን!» አሉ ሼህ ኑርዬ፣ ዱዓ ያደረገ መስሏቸው። ሰዉም አሚን አለ።

«እማዬ፣» አለ ሰዑድ፣ «ስልኩን አዙሪው እስቲ። ሰዎቹን ልይ።»

ዑምኩልሱም ስልኩን ከፍ አድርጋ ቀስ ብላ አዞረችው። ጓሮው፣ ከጓሮው ውጭ መንገዱ፣ ከመንገዱ በላይ ገና ከጉሙ የሚወጣው ሰው። እግራቸው በበረዶ ቀልቷል። ከኋላው ሌላ መኪና ጡሩምባ ነፋበት፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ይህ ሁሉ ለኔ ነው የመጣው?» አለ።

ለጥያቄው መልስ የሚሆን ወግ የላቸውም፤ ሟች ሐዘንተኞቹን አይቶ አያውቅም።

«ታዲያስ!» አለች ተሾመች ከመሐል፣ የንፍሮውን ድስት እንደታቀፈች። «በረዶ ረግጠን መጥተን አልሞትኩም ትለናለህ? አታፍርም?»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ በመሐሉ የሚያለቅሱም ነበሩ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ወደ ስልኩ ተጠግታ ፊቷን ማያው ድረስ አስጠጋችና «በእውነት አንተ ነህ?» አለች፣ በጣቷ ጉንጩን ነካችው። «እኔ ነኝ፣ እምዬ» አለ ሰዑድ። ከሷ በኋላ ሌላው ተጠጋ። ሳያየው ወደ ቤቱ ሊመለስ የወደደ ሰው አልነበረም። ማንም ሳያዝዝ ሰልፍ ተሠራ፤ እያንዳንዱ ቀርቦ ያየዋል፣ ስሙን ይጠራዋል፣ እሱም ስማቸውን እየጠራ ይመልሳል፣ ይስታል፣ ይታረማል።

ዑምኩልሱም ስልኩን ለማንም አልሰጠችም። ክንዷ ሲዝል ዋሲላ ከሥር ክርኗን ደገፈችላት። ፀሐይ በአርዲቦ ላይ ጉሙን እየገፈፈችው ነበር፤ የሰልፉ ጫፍ ገና ከአጥሩ ውጭ ነው።